ለልጄ የገዛሁት ጎማ

ዕቁብ የወጣልኝ በ2016 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው። ብሩን ይዤ ቤት ስገባ ከፊሉን ለምን እንደማውለው አስቀድሜ ወስኜ ነበር። ትንሹ ልጄ በሞተር ሳይክል ዕቃ የማድረስ ሥራ ከጀመረ ሁለተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። ጠዋት ሲወጣ በመስኮት አየዋለሁ። ማታ ደግሞ የሞተሩን ድምፅ ከሰፈራችን መታጠፊያ ላይ ካልሰማሁ እራት አላቀርብም። የኋላ ጎማው ጥርሱ አልቆ ለጥ ማለቱን እኔ እንኳ፣ ስለ ሞተር ምንም የማላውቀው፣ ደጅ ቆሜ አይቸዋለሁ። “ክረምቱ ሳይጠና ቀይረው እንጂ” ስለው “በሚቀጥለው ወር፣ እማዬ” ይለኛል። የሚቀጥለው ወር ደግሞ የራሱን ወጪ ይዞ ይመጣል።

ስለዚህ ሳልነግረው ልገዛለት አሰብኩ። አንድ ማታ እሱ ሲተኛ በእጅ ባትሪ እያበራሁ ጎማው ላይ የተጻፈውን ገለበጥኩ። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ብዙ ነው፤ ቁጥርና የፈረንጅ ፊደል ተደባልቋል። ከሁሉም በትልቁ የተጻፈው 3.00-18 ስለሆነ እሱን ብቻ ወሰድኩ። በማግስቱ ወደ አንድ የመለዋወጫ ሱቅ ሄጄ ወረቀቱን ለሻጩ ሰጠሁት።

ጎማውን አውርዶ አሳየኝ። ጥቁር ነው፤ ያብረቀርቃል፤ ጥርሱ ላይ ከፋብሪካ የወጣበት ቀጫጭን የጎማ ፀጉር እንኳ አልረገፈም። “አዲስ ነው?” አልኩት። “ማዘር፣ የዘንድሮ ነው” አለና ጎኑ ላይ አራት ቁጥር በጣቱ እየጠቆመ አስነበበኝ፤ 1216። “ይኸው 16 ይላል።” “12ስ ምንድን ነው?” ስለው “እሱ የፋብሪካው ቁጥር ነው” አለኝ።

እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሠላሳ ዓመት በመዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። ቀን ሳላይ ወረቀት አሳልፌ አላውቅም። የዚያን ዕለት ግን ዘመኑም 2016 ነው፣ ጎማውም 16 ይላል፣ ደስ ብሎኝ ከፈልኩና በላስቲክ አስሬ ወደ ቤቴ ይዤው መጣሁ። ልጄ ሲያየው አቅፎ ሳመኝ። “ምን ያህል አወጣሽ?” ቢለኝ አልነገርኩትም።

ሐምሌ ላይ የሆነው

ጎማው ከታሰረ ሦስተኛ ሳምንቱ ላይ ነው። ዝናብ ገና አባርቶ ነበር። ልጄ ዕቃ አድርሶ ሲመለስ አንድ አደባባይ ዙሮ ሊወጣ ሲል እግረኛ መሻገሪያው ነጭ ቀለም ላይ የሞተሩ የኋላ ጎማ ከሥሩ ከዳው። ሞተሩ በጎኑ ተኛ፤ እሱም ቀኝ እጁን ዘርግቶ አስፋልቱ ላይ ወደቀ። ከኋላው ይመጣ የነበረው ታክሲ በቅርብ ርቀት ላይ መቆም ቻለ። ሄልሜቱ በጎኑ በኩል ክፉኛ ተፍቋል። ያ ፍቅፋቂ ልጄ ራስ ላይ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው እኔ አልሆንም ነበር።

የእጁ አንጓ ተሰንጥቆ ስድስት ሳምንት በጄሶ ታስሮ ተቀመጠ። ስድስት ሳምንት ሙሉ ሥራ የለም፤ የሞተሩ ጥገና አለ፤ የሚከፈል ዕቁብ አለ። እኔ ግን ከገንዘቡ ይልቅ አንድ ሐሳብ አላስተኛኝ አለ። “አሮጌውን ጎማ ይዞ ሁለት ዓመት ሲነዳ አልወደቀም። እኔ አዲስ በገዛሁለት በሦስተኛ ሳምንቱ ለምን ወደቀ?”

አራቱ ቁጥሮች

ሞተሩን የጎረቤት ልጆች እየገፉ ሰፈራችን ያለው ጎሚስታ ጋ ወሰዱልኝ። ጎሚስታው እዚሁ ሰፈር ያደገ፣ አሁን እሱም የልጆች አባት የሆነ ሰው ነው። ጎማውን ዞር ዞር አድርጎ አየው፤ የአውራ ጣቱን ጥፍር ጥርሱ ላይ ጫን አደረገ። ከዚያ ከጥግ ሌላ ጎማ አምጥቶ “እትዬ፣ እስኪ እርስዎም ይጫኑት” አለኝ። እሱ ያመጣው ጎማ ላይ ጥፍሬ ትንሽ ገባና ምልክቱ ቀስ ብሎ ጠፋ። የልጄ ጎማ ግን እንደ ጠረጴዛ ነው፤ ጥፍር አይቀበልም። በጥርሶቹ መካከል ያለውን ጎድጓዳ ወደ ጎን ሲለጥጠው ደግሞ እንደ ደረቀ ጭቃ ያሉ ቀጫጭን ስንጥቆች ታዩ።

“የስንት ዓመት ጎማ ነው?” አለኝ። “የዘንድሮ ነው እንጂ! ይኸው 16 ይላል” አልኩና ያንኑ ቁጥር በኩራት አሳየሁት። ጎሚስታው አልሳቀብኝም። “እትዬ፣ ይህ እኮ በፈረንጆቹ ነው” አለኝ።

እነዚህን አራት ቁጥሮች እያንዳንዱ ቤተሰብ ሊያውቃቸው ይገባል። ዲ ኦ ቲ የሚሉ ሦስት የፈረንጅ ፊደላት ያሉበትን መስመር ፈልጉ። ከእነሱ ቀጥሎ ረጅም የፊደልና የቁጥር ሰንሰለት ይመጣል፤ በመጨረሻው፣ ብዙ ጊዜ በሞላላ ክብ ውስጥ፣ አራት ቁጥር አለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጎማው የተሠራበት ሳምንት ናቸው፤ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱ ናቸው። ዓመቱ ግን የጎርጎርዮስ ነው። 1216 ማለት በጎርጎርዮስ 2016፣ 12ኛው ሳምንት ማለት ነው። በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 2008 ዓ.ም.! እኔ በሰኔ 2016 “የዘንድሮ” ብዬ የገዛሁት ጎማ ስምንት ዓመት አልፎት ነበር። በእኛ 2016 ዓ.ም. የተሠራ ጎማ ላይ ሊጻፍ የሚገባው 23 ወይም 24 ነው።

ያን ጊዜ ነው የመዝገብ ቤት ሠራተኛነቴ የተናደደው። 12 ወር ነው ብዬ እንኳ ባስብ ኖሮ አሥራ ሁለተኛው ወር ነሐሴ ነው፤ እኔ የገዛሁት በሰኔ ነው። ነሐሴ ገና አልገባም! ስንት ደብዳቤ “ቀኑ ተሳስቷል” ብዬ የመለስኩ ሰው፣ ለልጄ ስገዛ አንድ ጥያቄ ጠይቄ በተሰጠኝ መልስ ረካሁ።

ስሌቱ ቀላል ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች ከ37 በታች ከሆኑ ከዓመቱ ላይ 8 ቀንሱ፤ 37ና ከዚያ በላይ ከሆኑ 7 ቀንሱ። የእኛ አዲስ ዓመት የሚውለው በ37ኛው ሳምንት አካባቢ ስለሆነ ነው። ለምሳሌ 4022 የሚል ጎማ ብታገኙ የ2022 40ኛ ሳምንት ነው፤ 7 ሲቀነስ መስከረም 2015 ይሆናል። አራቱ ቁጥሮች በአንዱ ጎን ብቻ ሊጻፉ ስለሚችሉ በዚህ በኩል ካላገኛችሁ ገልብጣችሁ እዩ። ሦስት ቁጥር ብቻ ካለ ደግሞ ጎማው ከጎርጎርዮስ 2000 በፊት የተሠራ ነው፤ ልትነኩትም አይገባም።

ጎማ ሳይነዳም ያረጃል። ፀሐይ፣ ሙቀትና አየር ላስቲኩን ያደርቁታል። የደረቀ ጎማ ደረቅ አስፋልት ላይ ደህና ሊመስል ይችላል፤ ጉዱ የሚታየው መንገዱ ሲረጥብ ነው። ጎማ አምራቾች አምስት ዓመት የሞላው ጎማ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲታይ፣ ከተሠራበት ቀን ጀምሮ አሥር ዓመት የሞላው ደግሞ ጥርሱ ባያልቅም እንዲቀየር ይመክራሉ። ይህ በጥሩ ቦታ ለተቀመጠ ጎማ ነው። ሱቅ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ጎማ ከዚያም ቀድሞ ሊበላሽ ይችላል። ስምንት ዓመት የሞላው ጎማ ለሥራ ሞተር፣ ያውም ክረምት ሲገባ፣ እንደ አዲስ የሚገዛ ዕቃ አይደለም።

“እንግዲህ ጎማው ነው የጣለው?” ብዬ ጠየቅኩ። ጎሚስታው እንዲህ በቀላሉ አልፈረደም። “ዝናቡም አለበት፤ ቀለሙም አለበት፤ ቀለም ሲረጥብ ማንንም ያንሸራትታል። ግን ለስለስ ያለ ጎማ ቢሆን ይይዝለት ነበር ብዬ አስባለሁ” አለኝ።

መጠኑን ማንበብ

ከዚያ ቀን በኋላ ደብተር ይዤ ጎሚስታው ጋ እመላለስ ጀመር። የሰፈሩ ልጆች “እትዬ ጎማ ቤት ሊከፍቱ ነው” እያሉ ሳቁብኝ። ይሳቁ። የተማርኩትን እንደሚከተለው ላካፍላችሁ።

የትናንሽ ሞተሮች ጎማ መጠን በሁለት ዓይነት ይጻፋል። አንደኛው የድሮው የኢንች አጻጻፍ ነው። 3.00-18 ሲል ጎማው ወደ ጎን 3 ኢንች፣ ማለትም ወደ 76 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ 18 ደግሞ የሚታሰርበት ቸርኬ ዲያሜትር ነው፣ እሱም በኢንች። ሁለተኛው አዲሱ አጻጻፍ ነው፤ 90/90-18 ይላል። የመጀመሪያው 90 ስፋቱ በሚሊ ሜትር ነው። ሁለተኛው 90 ግን ሚሊ ሜትር አይደለም፤ የጎማው ቁመት ከስፋቱ ምን ያህል በመቶ እንደሆነ ነው የሚናገረው። የ90 ሚሊ ሜትር 90 በመቶ 81 ሚሊ ሜትር ነው። የመጨረሻው 18 አሁንም ቸርኬው ነው። ስፋቱ በሚሊ ሜትር፣ ቸርኬው በኢንች መሆኑ ግራ ያጋባል፤ ግን አጻጻፉ በዓለም ሁሉ እንዲሁ ነው።

ከእነዚህ ውስጥ ምንም ድርድር የሌለው የቸርኬው ቁጥር ነው። 18 ለ18፣ 17 ለ17 ብቻ ነው። “አንድ ቁጥር ነው፤ ተለጥጦ ይገባል” የሚላችሁ ሰው ካለ ሱቁን ለቃችሁ ውጡ።

በስፋቱ ላይ ደግሞ ወጣቶቹ የሚወዱት አንድ ነገር አለ። ወፈር ያለ የኋላ ጎማ ሞተሩን ትልቅ ስለሚያስመስለው ሰፋ ያለውን ይመርጣሉ። ጎማ ግን ከቸርኬው ስፋት ጋር ተመጥኖ ነው የሚሠራው። ለጠባብ ቸርኬ ሰፊ ጎማ ሲታሰር ጠርዙ ወደ ውስጥ ይጨመቅና ጀርባው ከመጠን በላይ ይጎብጣል፤ መሬት የሚነካው ክፍል የታሰበለት ቅርፅ አይኖረውም። ሰንሰለቱን ወይም የጭቃ መከላከያውንም ሊፈትግ ይችላል። ትክክለኛው መጠን በሞተሩ መመሪያ ደብተር ላይ አለ፤ ብዙ ሞተሮች ላይ ሰንሰለት መሸፈኛው አካባቢ በተለጠፈ ወረቀት ላይም ይገኛል።

አንድ ነገር ልጨምር። ጎማው ጎን ላይ የተሳለ ቀስት ካለ ቀስቱ ጎማው ወደፊት ሲንከባለል ወደሚሄድበት አቅጣጫ መዞር አለበት። ጥርሱ ውኃን ወደ ጎን ገፍቶ የሚያስወጣው በዚያ አቅጣጫ ሲዞር ነውና። የፊትና የኋላ ተብሎ የተለየ ጎማም አለ፤ አይቀያየርም።

ክብደትና ፍጥነት

ከመጠኑ ቀጥሎ ሌላ ቁጥርና ፊደል አለ። የልጄ አሮጌ ጎማ ላይ 52ፒ ይል ነበር። እኔ የገዛሁት ላይ ደግሞ 47ፒ። መጠናቸው አንድ፣ 3.00-18 ነው፤ ይህችን ጭራ ግን ወረቀቴ ላይ አልገለበጥኳትም ነበር።

ቁጥሩ ኪሎ አይደለም፤ የኪሎ መለያ ነው። በዓለም አቀፍ ሠንጠረዥ መሠረት 47 ማለት ጎማው እስከ 175 ኪሎ ይሸከማል፤ 51 ሲሆን 195 ኪሎ፣ 52 ሲሆን 200 ኪሎ፣ 57 ሲሆን 230 ኪሎ ነው። እኔ ሳላውቅ ከልጄ የኋላ ጎማ ላይ 25 ኪሎ የመሸከም አቅም ቀንሻለሁ ማለት ነው።

ይህ ምን ያህል ያሳስባል? ጎሚስታው በደብተሬ ላይ እንዲህ አሰላልኝ። ሞተሩ ከነነዳጁ 120 ኪሎ ቢሆን፣ ልጁ 65፣ ከኋላ የተሳፈረ ሰው 70፣ ሳጥኑና ዕቃው 30፣ በድምሩ 285 ኪሎ ይመጣል። ሰውና ዕቃ ከኋላ ሲጫን ሁለት ሦስተኛው ያህል በኋላ ጎማ ላይ ያርፋል ብንል ወደ 190 ኪሎ ነው። 52 የሚለው ጎማ ይችለዋል፤ 47 የሚለው ግን ከአቅሙ በላይ ይሆንበታል። ብቻውን ትንሽ ዕቃ ይዞ ሲሄድ ሁለቱም ይበቃሉ። ጉዳቱ የሚመጣው ጓደኛውን ከኋላ አሳፍሮ፣ ጉድጓድ ላይ በፍጥነት ሲገባ ነው። ከአቅሙ በላይ የተጫነ ጎማ ይሞቃል፤ የሞቀ ጎማ ደግሞ ይፈነዳል።

ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለችው ፊደል የፍጥነት ጣሪያ ናት። ጄ ሲል በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር፣ ኤል 120፣ ፒ 150፣ ኤስ 180 ነው። ፊደሎቹ በተራ ሲሄዱ ፍጥነቱም አብሮ ይጨምራል፤ ኤች ብቻ ከተራዋ ወጥታ 210 ናት። ለከተማ ትንሽ ሞተር ፒ ከበቂ በላይ ነው። ለእኛ ልጆች የምታሳስበው ፊደሏ ሳትሆን ከፊቷ ያለው ቁጥር ነው። ከፋብሪካ ከመጣው ማነስ የለበትም፤ ቢበልጥ ችግር የለም።

ንፋስና ከመነዳሪ

ጎማው ላይ በትናንሽ ፊደል የተጻፈ ከፍተኛ የንፋስ መጠንም አለ። ለምሳሌ ጠንከር ተደርጎ በተሠራ ጎማ ላይ 280 ኪሎ ፓስካል፣ ማለትም ወደ 41 ፒ ኤስ አይ ሊል ይችላል። ይህ ጎማው ሙሉ ጭነት ሲጫን የሚሞላው ጣሪያ እንጂ በየቀኑ የሚሞላው መጠን አይደለም። ብዙ ትናንሽ ሞተሮች ላይ የፊት ጎማው 25 አካባቢ፣ የኋላው ከ28 እስከ 33 አካባቢ ነው የሚሞላው፤ ትክክለኛው የሞተሩ ወረቀት ላይ ያለው ነው። ልጄ በየመንገዱ የሚሞላው በግምት ነበር፤ “ጠንከር አድርግልኝ” ይላል፣ ይሞሉለታል። ከመጠን በላይ የተነፋ ጎማ መሬት የሚነካው በመሐል ቀጭን መስመር ብቻ ነው፤ ውኃ ላይ ደግሞ ያቺ ቀጭን መስመር ናት የሞተሩ ተስፋ። ያነሰውም አይበጅም፤ ጎማው ይላላል፣ ይሞቃል፣ ጎኑ ይሰበራል።

ንፋስ የሚለካው ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ጎማው እንደቀዘቀዘ ነው። ተነድቶ የሞቀ ጎማ ንፋሱ ከፍ ብሎ ስለሚያሳይ ያታልላል። በእጅ የምትያዝ ትንሽ የንፋስ መለኪያ ገዝቼ አሁን ቁልፍ የምሰቅልበት ሚስማር ላይ አንጠልጥያታለሁ።

ከመነዳሪን በተመለከተ፣ ቸርኬው በሽቦ የተሠራ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ከመነዳሪ አለው። አንዳንዱ ጎማ ቱብለስ ይላል፤ ያለ ከመነዳሪ የሚሠራ ማለት ነው፣ ግን ለዚያ የሚሆን አየር የማያሳልፍ ቸርኬ ይፈልጋል። ከመነዳሪ ያለው ጎማ ሚስማር ሲወጋው ንፋሱ ባንዴ ሊወጣ ይችላል፤ ቱብለሱ ብዙ ጊዜ ቀስ እያለ ነው የሚተነፍሰው። ጎማ ሲቀየር ከመነዳሪውም ቢቀየር ይመረጣል። አሮጌው ተለጥጦ ስለሚሰፋ አዲሱ ጎማ ውስጥ ሊታጠፍ፣ በታጠፈበትም ሊቀደድ ይችላል። በአዲስ ጎማ ውስጥ አምስት ቦታ የተለጠፈ ከመነዳሪ መክተት ቁጠባ አይደለም።

ጎማው መቼ እንዳለቀ ለማወቅ ደግሞ ጥርሶቹ መካከል ጎድጓዳው ውስጥ ያሉትን ትናንሽ ጉብታዎች ፈልጉ። ጎኑ ላይ ቲ ደብሊው አይ የሚሉ ፊደላት ወይም ትንሽ ሦስት ማዕዘን ቦታቸውን ያሳያሉ። ጥርሱ አልቆ ከጉብታው ጋር እኩል ከሆነ ጎማው አልቋል፤ “አንድ ወር ይገፋል” የሚባል ነገር የለም።

ወደ ሱቁ ተመለስኩ

ጎማውን በላስቲክ አስሬ ወደገዛሁበት ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ አወቀኝ። አራቱን ቁጥሮች አሳየሁት፤ የጎሚስታውን ስሌት ከደብተሬ አነበብኩለት። ዝም ብሎ አዳመጠኝና “ማዘር፣ እኔም የማውቀው እንደነገርኩሽ ነው” አለኝ። ከዚያ ራሱ መደርደሪያው ላይ ወጥቶ ጎማዎቹን አንድ በአንድ እያወረደ አብረን ማንበብ ጀመርን። አዲስም አለ፤ አሮጌም አለ፤ ሁሉም እኩል ጥቁር ነው፤ ሁሉም ያብረቀርቃል። 0524 የሚል አገኘን፤ የ2024 5ኛ ሳምንት፣ ጥር 2016። 52ፒ ይላል። “ይህ ነው የዘንድሮው!” አልኩት።

ገንዘቤን አልመለሰልኝም። ልዩነቱን አስከፍሎ ለወጠልኝ። አውቆ ይሁን ሳያውቅ የሸጠልኝ እስካሁን አላውቅም። ሰውየው ቁጥሮቹን ሲያነብ ፊቱ ላይ ያየሁት መደንገጥ እውነተኛ ይመስለኛል። ግን አሮጌዎቹን ከመደርደሪያው ያውርዳቸው፣ መልሶ ይስቀላቸው፣ ቆሜ አላየሁም። መቆም ነበረብኝ ብዬ ዛሬም አስባለሁ። የሌላ እናት ወረቀት ይዛ ትመጣለችና።

ልጄ ያልነገረኝ

ጄሶው ሊፈታ ሳምንት ሲቀረው ቡና እየጠጣን ሁሉንም ነገርኩት። እኔ የገዛሁት ጎማ እንደሆነ፣ ስምንት ዓመት እንዳለፈው፣ አቅሙም እንዳነሰ። ይቆጣል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ ቆየና “እማዬ፣ አውቄ ነበር” አለኝ።

ዕድሜውን አላወቀም። ግን ከመውደቁ በፊት ሁለት ጊዜ የኋላ ጎማው እንደከዳው፣ ሁለቴም እንደምንም እንደተረፈ ነገረኝ። መጀመሪያ ላይ አዲስ ጎማ ስለሆነ ነው ብሎ አሰበ። እውነትም አዲስ ጎማ ላዩ ላይ ከፋብሪካ የቀረ ማለስለሻ ስላለበት የመጀመሪያዎቹን 100 እስከ 150 ኪሎ ሜትር በጥንቃቄ መነዳት አለበት። እሱ ግን በቀን ከዚያ የማያንስ ይነዳል። በሳምንቱ መልቀቅ የነበረበት ነገር በሦስተኛው ሳምንትም አለቀቀም። “ታዲያ ለምን ዝም አልክ?” አልኩት።

“በዕቁብሽ ገዝተሽ ሰጥተሽኝ፣ ጎማው አይረባም ልበልሽ?” አለኝ።

እኔ ዋጋውን የደበቅኩት እሱ እንዳይጨነቅ ነው፤ እሱ መንሸራተቱን የደበቀው እኔ እንዳላዝን ነው። በፍቅር የተደባበቅነው ነገር አስፋልት ላይ ጣለው። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤታችን ውስጥ አንድ ደንብ አለ። ስጦታም ቢሆን፣ ከእናት እጅ የመጣም ቢሆን፣ ያልተመቸ ነገር ይነገራል። ሰጪው ይዘን፤ ሐዘን ይረሳል።

እናንተስ?

ልጃችሁ ወይም የልጅ ልጃችሁ ሞተር የሚነዳ ከሆነ መካኒክ መሆን አይጠበቅባችሁም። ጎማ ልትገዙ ስትሄዱ መጠኑን ከነጭራው ገልብጡ፤ ከመጠኑ ቀጥሎ ያለውን ቁጥርና ፊደል አትተዉ። ሱቅ ውስጥ ከመክፈላችሁ በፊት አራቱን ቁጥሮች ፈልጋችሁ 7 ወይም 8 ቀንሱ። ጥፍራችሁን ጫን አድርጉ። ቀስቱ በትክክል መዞሩን፣ ከመነዳሪው አዲስ መሆኑን አስረጋግጡ። ከዚያም ልጁን “እንዴት ይዞልሃል?” ብላችሁ ከሳምንት በኋላ ጠይቁት፤ ሲመልስ ደግሞ ፊቱን እዩ።

አራቱ ቁጥሮች በሞተር ላይ ብቻ አይደሉም። በመኪናም፣ በባጃጅም፣ የልጅ ልጆቻችሁን ትምህርት ቤት በሚያመላልሰው ሚኒባስም ጎማ ላይ ፈልጉ። ሾፌሩን ሳታስቀይሙ፣ ልጆቹ እስኪገቡ ድረስ ጎንበስ ብሎ ማንበብ ይቻላል። እኔ ሞክሬዋለሁ። መጀመሪያ ላይ ሾፌሩ ገንዘብ የወደቀብኝ መስሎት አብሮኝ ይፈልግ ነበር።

ልጄ ወደ ሥራው ተመልሷል። እጁ ብርድ ሲሆን ትንሽ ያመዋል። እሑድ ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ መለኪያዋን ከሚስማሩ ላይ አውርጄ እሰጠዋለሁ፤ እሱ ሲለካ እኔ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። የትልቋ ልጄ ልጅ፣ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ቁጥሮቹን ማንበብ የእሷ ሥራ ሆኗል። ባለፈው ደጃችን የቆመ ባጃጅ አጠገብ ተንበርክካ አገኘኋት። ጭቃውን በጣቷ ጠርጋ ታነባለች።

“እማማ፣ 1921 ይላል። ስንት ነው የምንቀንሰው?” አለችኝ።

“19 ከ37 ይበልጣል ያንሳል?” አልኳት።

“ያንሳል። ስለዚህ 8” አለችና በጣቷ ቆጥራ፣ “2013!” ብላ ጮኸች። የባጃጁ ባለቤት ከሱቅ ሲወጣ ሰማት። ምን እንደሆነ ጠየቀን፤ ነገርነው። እሱም ጎንበስ ብሎ የቀሩትን ሁለት ጎማዎች ማየት ጀመረ።